ከኮንቴነር ውስጥ ሆኜ ዋናውን ማሽን ከፈትኩት፤ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ነው ወይስ የእኛ?

ጀንፈል (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ቡና ሰብስቦ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ ድርጅት እሠራለሁ፤ የኮምፒውተር ነገር ሁሉ የሚመለከተው እኔን ብቻ ነው። ሰርቨራችን ከመጋዘኑ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል የተቀመጠ አንድ ማሽን ነው። የጀንፈሉ አቧራ ማራገቢያውን ስለሚደፍነው በየሁለት ሳምንቱ በቀለም ብሩሽ እጠርገዋለሁ።

በላዩ ላይ አምስት የዶከር ኮንቴነሮች (ዶከር የሚባለው ሶፍትዌር እያንዳንዱን ፕሮግራም ከሌሎቹ ለይቶ የሚያሠራባቸው ክፍሎች) አሉ፦ ሚዛኑን የሚያነበው፣ የመረጃ ቋቱ፣ የአቅራቢዎች ክፍያ ገጽ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስደው፣ እንዲሁም ሌሎቹን ከድረ ገጽ ላይ ለማስነሣትና ለማቆም የሚያገለግለው ማስተዳደሪያ። ሥራ አስኪያጃችን መጀመሪያ ኮንቴነር ስላቸው መንገድ ዳር ያለው የብረት ሱቅ መስሏቸው «ቦታውን ከየት እናመጣለን?» ብለውኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መጠባበቂያውን ልፈትሽ ወደ ኮንቴነሩ ገባሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የዶከርን ሶኬት (ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበትን ፋይል) ውስጡ አያይዞታል፤ ቅጂ ከመወሰዱ በፊት የመረጃ ቋቱን እንዲያቆም ብሎ ነው። እኔም ከዚያው ሆኜ ዶከርን አዲስ ኮንቴነር እንዲያስነሣልኝ፣ የዋናውን ማሽን ዲስክ በሙሉ እንዲያያይዝልኝ ጠየቅሁት። የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠይቀኝ እሺ አለ። በሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ) ማኅደር ውስጥ «ገብቻለሁ» የሚል ባዶ ፋይል ፈጠርኩ። ተነሥቼ ወደ ጠባቧ ክፍል ሄጄ ከማሽኑ ኪቦርድ ላይ ሳየው ፋይሉ ቁጭ ብሏል። የቀዳሁት ቡና ሳልቀምሰው በረደ።

ሶፍትዌሩን ባዘምነው ይዘጋል? ከውጭ የሚታየው የክፍያ ገጹ ብቻ ነው። ለቀማው ስለደረሰ ደግሞ ሚዛኑን ከግማሽ ቀን በላይ ማቆም አልችልም።

ቁልፍ ያዥ፦
ወንድሜ፣ ማዘመን አይዘጋውም፤ ያገኘኸው የፕሮግራም ስሕተት አይደለም። ዶከር ከበስተጀርባ የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም በተለመደው አሠራር የሩት ሥልጣን አለው፤ ሶኬቱ ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበልበት በር ነው። በሩን ኮንቴነር ውስጥ ካስገባኸው እስረኛውን ከነቁልፉ ቆልፈህበታል ማለት ነው። «ዶከር» በሚባለው የተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ስሙ ያለ ሰውም ያው የሩትን ያህል ነው። የዶከር መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ የሚያነበው የለም እንጂ።

እውነተኛው ማምለጥ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ይፋ በሆነው ክፍተት፣ ተንኮለኛ ኮንቴነር በዋናው ማሽን ላይ ያለውን የረንሲ ፋይል በራሱ ኮድ ይተካው ነበር። ረንሲ ኮንቴነሮችን የሚያስነሣው ፕሮግራም ስለሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራ ያ ኮድ በሩት ሥልጣን ይሠራል። በጥር 2024 የወጣው ደግሞ ይበልጥ ያስቃል፦ ረንሲ የከፈተውን የዋናውን ማሽን ማኅደር ሳይዘጋ ያሳልፈው ስለነበር፣ የኮንቴነሩን የሥራ ማኅደር ወደዚያ ያመለከተ ሰው ራሱን ውጭ ያገኘዋል። በረንሲ ስሪት 1.1.12 ተዘጋ። በኅዳር 2025 ሌሎች ሦስት ክፍተቶች ተገኝተው በ1.2.8 እና በ1.3.3 ተዘግተዋል። ለእነዚህ አዘምን። ለሶኬቱ ግን መድኃኒቱ ማውጣት ነው።

አዌቱ ዳር፦
ማውጣት ለምን አስፈለገ? ሶኬቱን ለንባብ ብቻ አድርገህ ብታያይዘው ይበቃል። እኛ ዘንድ እንደዚያ ነው።

ቁልፍ ያዥ፦
አይበቃም። ለንባብ ብቻ ማለት የሶኬቱ ፋይል አይሰረዝም፣ ስሙ አይቀየርም ማለት ነው፤ በውስጡ የሚያልፈውን ትእዛዝ አያግድም። አሁኑኑ እናንተ ዘንድ ሞክረው።

አዌቱ ዳር፦
ሞከርኩት። ይቅርታ። አሁን ሥራ አለብኝ።

የቆየ ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ኮንቴነር ከቨርችዋል ማሽን (በአንድ ማሽን ውስጥ እንደ ሌላ ሙሉ ማሽን ከሚሠራው) የሚለየው የራሱ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ስለሌለው ነው፤ አምስቱም የሚኖሩት በአንድ ሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። በመጋቢት 2022 ይፋ የሆነው «ደርቲ ፓይፕ» የዶከር ስሕተት አልነበረም፤ ለንባብ ብቻ በተፈቀደ ፋይል ላይ ለመጻፍ የሚያስችል የከርነል ክፍተት ነበር። ከርነሉንም አዘምኑ፤ ማሽኑን እንደገና ሳታስነሡት እንዳይቀር። እንዲሁም ዶከር ያለ ሩት የሚሠራበት መንገድ አለ፤ ከዶከር ስሪት 20.10 ጀምሮ ከሙከራነት ወጥቷል። ያመለጠ ሰው እጁ የሚገባው የአንድ ተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ብቻ ይሆናል።

ጀንፈል፦
እኅታችሁ ነኝ፤ «ወንድሜ» የሚለውን ግን ለምጄዋለሁ።

እሑድ ሚዛኑ ሲዘጋ ገባሁበት። የረንሲ ስሪት 1.1.7 ሆኖ አገኘሁት፤ አፈርኩ፣ አዘመንኩት። ከርነሉንም እንዲሁ። ከመጠባበቂያው ሶኬቱን ሳወጣ የገረመኝ፣ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር፦ የመረጃ ቋቱ ሳይቆም ቅጂ የሚያወጣ የራሱ ትእዛዝ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን ክፍት ያስቀመጥነው ለከንቱ ነው። ማስተዳደሪያውም በዚያው ሶኬት ስለሚሠራ አስወገድኩት፤ ሥራ አስኪያጁ አረንጓዴዋን ነጥብ ማየት ስለሚወዱ አኩርፈዋል። በዶከር ቡድን ውስጥ አምስት ስሞች ነበሩ። ከአምስቱ አንደኛው ድርጅቱን ከለቀቀ ቆይቷል።

ያለ ሩት የሚሠራውን ስሞክር የክፍያ ገጹ ወደብ 80ን (ድረ ገጽ የሚገባበትን የኔትወርክ በር ቁጥር) አልከፍትም አለኝ። ከ1024 በታች ያሉት ወደቦች ለተራ ተጠቃሚ እንደማይፈቀዱ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ለቀማው ሲያልፍ እመለስበታለሁ።

የቀረኝ አንድ ነው። ሚዛኑን የሚያነበው ኮንቴነር «ሙሉ ሥልጣን» ተሰጥቶት ነው የሚነሣው። ሥልጣኑን ስቀንስ ከሚዛኑ የመጣውን ገመድ አያየውም፤ ሳልቀንስ ደግሞ የዋናውን ዲስክ ጭምር ያየዋል።

የቆየ ሰው፦
የኔ ልጅ፣ ሙሉ ሥልጣን የማሽኑን መሣሪያዎች በሙሉ ነው የሚያሳየው፤ አንቺ የምትፈልጊው አንዱን ብቻ ነው። ኮንቴነሩን ስታስነሺ የገመዱን ወደብ ስም ለይተሽ በ«ዲቫይስ» አማራጭ ስጪው። ገመዱ ተነቅሎ ሲሰካ ስሙ ከተቀያየረ፣ በመለያ ቁጥሩ የተሰየመውን ቋሚ ስም ተጠቀሚ።

ጀንፈል፦
ሠራ። ዲስኩን ፈለግሁት፣ የለም። አንድ ጆንያ አስጫንኩበት፤ 62 ኪሎ አለ።