ቃዲ ለመሾም የሕግ ዲግሪ ይጠየቅ ወይስ የኪታብ ዕውቀት ይበቃል?

የክርክሩ አንሺ፦
አሰላሙ ዐለይኩም ጀመዓ። ለፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቃዲ የሚሾም ሰው ከዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ እንዲኖረው ይገደድ ወይ? በሥራ ላይ ያለው አዋጅ 188/1992 ዲግሪ አያስገድድም። በእስልምና ትምህርት ተቋም ሸሪዓ የተማረ ወይም በሸሪዓ በቂ ልምድና ዕውቀት ያለው ሊሾም ይችላል። ሥልጣኑ ደግሞ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ የሕፃናት ሞግዚትነትን፣ ወቅፍን (ለበጎ ሥራ የተሰጠ ንብረትን)፣ ስጦታን፣ ውርስንና ኑዛዜን ይይዛል። ተከራካሪዎቹ ግን በሸሪዓ ለመዳኘት ፈቃዳቸውን በግልጽ መስጠት አለባቸው። ፍሬ ነገሩ በእስልምና ሕግ ይወሰናል፤ አካሄዱ በመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይመራል። የጭቅጭቁ ሥር ይህች የመጨረሻዋ ናት።

ጠበቃ፦
ይገደድ ባይ ነኝ። የ1958ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዳኛው ጭብጥ እንዲይዝ፣ በጭብጡ ላይ ማስረጃ እንዲሰማ፣ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ እንዲጽፍ ያዛል። ይህ በኪታብ ቤት (የሃይማኖት መጻሕፍት በሚቀሩበት) አይሰጥም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2000 ዓ.ም. አንድ የውርስ ውሳኔ የሻረው በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) ስህተት አልነበረም፤ ተከራካሪዎቹ በሸሪዓ ለመዳኘት ሳይፈቅዱ ስለታየ ነው። የፈቃድ ጉዳይ መጀመሪያ ካልተጣራ ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ ፈራሽ ነው። በሦስት እርከን የተለፋበት መዝገብ ዜሮ ገባ።

የፊቅህ መምህር፦
ወንድሜ ጠበቃ፣ ምሳሌውን ሙሉ አድርገው። ያ ጉዳይ ሰበር ሰሚ ችሎትም ደርሶ ነበር፤ ሰበርም መሠረታዊ የሕግ ስህተት የለበትም ብሎ አልፎታል። የሰበር ዳኞች ዲግሪ አላነሳቸውም። ስለዚህ ያንን ስህተት ዲግሪ ያድነው ነበር ማለት አትችልም።

ደግሞ በአምስት ዓመቱ የሕግ ትምህርት ውስጥ ፈራኢድ (የውርስ ክፍፍል ሕግ) አይቀራም። አንድ መዝገብ ላስቀምጥና ዲግሪው ይፍታው። ሟች ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቷል። የተገኘው ንብረት 2,640,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቀብር ወጪ 40,000፣ የሰው ዕዳ 150,000፣ ሳይከፈል የቆየ መህር (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ) 50,000 ይነሳል፤ ኑዛዜ ካለ እስከ ሲሶ ድረስ ከቀሪው ይወጣል፣ እዚህ የለም። ለውርስ የሚቀርበው 2,400,000 ነው። ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ ይደርሳቸዋል። የጉዳዩ መሠረት 24 ሲሆን ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ለልጆች 17 ይቀራል። ወንድ እንደ ሁለት፣ ሴት እንደ አንድ ሲቆጠሩ ልጆቹ 5 ራስ ናቸው፤ 17 ለ5 አይካፈልም፤ ስለዚህ 24ን በ5 አባዝተን 120 እናደርገዋለን። ሚስት 15፣ እናት 20፣ ወንዶቹ 34፣ 34፣ ሴቷ 17። አንዱ ድርሻ 20,000 ብር ስለሆነ ሚስት 300,000፣ እናት 400,000፣ እያንዳንዱ ወንድ 680,000፣ ሴቷ 340,000 ይወስዳሉ።

ዕዳና መህር ሳይነሳ በ2,640,000 ላይ ብትከፍለውስ? ሚስት 330,000 ታገኛለች። ብዙ የተሰጣት ይመስላል፤ ግን መህሯን ጨምራ 350,000 ይገባት ነበር። አበዳሪው ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል።

ጠበቃ፦
ኡስታዝ፣ ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ አልተከራከርኩበትም። ያ መህር 50,000 ነው ያለው ማን ነው? የኒካህ (የጋብቻ) ወረቀቱ የታለ? ወራሾቹ ቢክዱ የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? ከዚያም በፊት 2,640,000ው ሁሉ የሟች ነው ወይስ ሚስትየዋም አብራ ያፈራችው አለበት? ያ ካልተለየ ክፍፍሉ ላይ የሚደረሰው እንዴት ነው?

የፊቅህ መምህር፦
ማስረጃ ከሳሽ ላይ፣ መሐላ በካደው ላይ ነው። ይህን ያልቀራ ደረሳ (የኪታብ ተማሪ) የለም።

የችሎት ጸሐፊ፦
ሁለታችሁም ከመዝገቡ ራቃችሁ። በተግባር የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ውሳኔው ላይ «ባል ፈትቷታል» ተብሎ ይጻፍና ይታለፋል። ቀኑ የለም። ስንተኛው ጦላቅ (ፍቺ) እንደሆነ፣ መመለስ የሚቻልበት ይሁን የማይቻልበት አይታወቅም። ሴትየዋ ወር አበባ ላይ ነበረች ወይስ ንጹህ ነበረች? እሱም የለም። ቃዲው ሳይጠይቅ ቀርቶ አይደለም፤ ችሎት ላይ አንድ በአንድ ጠይቆ ይሆናል፣ ግን ወረቀት ላይ አላወረደውም።

ከወራት በኋላ ባልየው ይሞትና ውርስ ላይ ክርክር ይነሳል። መመለስ የሚቻልበት ፍቺ ከሆነና ዒዳዋ (ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ) ሳያልቅ ከሞተ ትወርሰዋለች። ዒዳው መቼ አለቀ? በሻፊዒይ መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) ዒዳው በሦስት ጡህር (የንጽህና ጊዜ) ይቆጠራል፤ በንጽህና ላይ እያለች ከተፈታች ሦስተኛው የወር አበባ እንደጀመረ ያልቃል። በሐነፊይ ሦስቱ የወር አበባ ራሳቸው ናቸው የሚቆጠሩት፤ ሦስተኛው እስኪያበቃ ይጠበቃል። ባልየው በእነዚያ መሃል ባሉት ቀናት ቢሞት በአንዱ መዝሀብ ወራሽ ናት፣ በሌላው አይደለችም። ቀኑና ሁኔታው ያልተጻፈበት ውሳኔ ይግባኝ ሰሚው ጋ ሲደርስ ምን ይደረግ? ምስክር እንደገና መጥራት ነው፤ የሞተው ደግሞ አይጠራም።

አንዲት ተሳታፊ፦
ጸሐፊው ያነሱት ነው ዋናው። እኔ ግን አንድ እርምጃ ልሂድ። የትኛውን መዝሀብ ነው የሚፈርዱት? ወሎ ላይ ሻፊዒዩም ሐነፊዩም ይቀራል። የደረሰች ሴት ያለ ወሊ (የሚድራት ወንድ ዘመድ) ራሷን ብትድር ሐነፊይ ያጸድቀዋል፣ ሻፊዒይ አያጸድቀውም። ሦስት ጦላቅ ባንድ አፍ ከሆነ በአራቱም መዝሀብ ዘንድ ሦስት ነው የሚታሰበው፤ ከውጭ ተምሮ የመጣው ግን የዓሊሙን የኢብኑ ተይሚያን አቋም ይዞ አንድ ነው ይላል። ባለጉዳይ ቃዲውን ሳያይ ውጤቱን መገመት ካልቻለ ዲግሪም ኢጃዛም (ሸኽ ለደረሳው የሚሰጠው ፈቃድ) አይረዳውም። አዋጁም መዝሀብ አይመርጥም።

የፊቅህ መምህር፦
እህቴ፣ የቃዲው መዝሀብ ቀድሞ ይታወቅ ማለት ነው እንጂ ሕግ ሆኖ አንድ ነገር ይጻፍ ማለት አይደለም። ኺላፉን (የመዝሀቦቹን ልዩነት) ማጥፋት ዕውቀቱን ማድረቅ ነው።

አንዲት ተሳታፊ፦
ታዲያ ይታወቅ። ግን በር ላይ አልተለጠፈም።

ከተማሪ ቤት የወጣ፦
ስለ ኪታብ ቤቱም ስትመሰክሩ ሙሉውን ተናገሩ። ሰው «ፊቅህ ቀርቷል» ሲባል ምን ቀርቶ ነው? ደረሳው ከሰፊና ይነሳል፣ ከዚያ አቡ ሹጃዕ፣ ፈትሑል ቀሪብ፣ ከደረሰ ሚንሃጅ። ሸኹ ቃል በቃል እየተረጎመ ያቀራዋል፤ ደረሳው ማታ ከጓዶቹ ጋር ይከልሰዋል። ዘዴው ጠንካራ ነው፣ የማይናቅ ነው። ነገር ግን ኪታቦቹ ሁሉ የሚጀምሩት ከጦሃራና ከሰላት (ከንጽህናና ከስግደት) ነው። ውርስ መሃል ላይ ነው፤ ኒካህና ጦላቅ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ስለ ቃዲ፣ ስለ ምስክርና ስለ ክስ የሚናገረው ደግሞ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። ብዙው ደረሳ ቤተሰብ ጠርቶት ወይም ቸግሮት ከዒባዳው (ከአምልኮው) ሩብ ሳይርቅ ይወጣል። ዉዱእ ሲጠየቅ እንደ ውሃ ያወርደዋል፣ ስለ ምስክር ሲጠየቅ ግን ዝም። «በቂ ዕውቀት» የሚለው የአዋጁ ቃል ይህን ከዚያኛው አይለይም።

ሌላም አለ። የሚንሃጅ ጸሐፊ ነወዊ በኪታባቸው ቃዲው ሙጅተሂድ (ሕጉን ከምንጩ ራሱ የሚያወጣ) ይሁን ብለው ሲያበቁ፣ ሥልጣን ያለው ገዢ ሙቀሊድ (የሌላ ዓሊም ተከታይ) ቢሾምም ፍርዱ ለዶሩራ (ለችግር ጊዜ ግድ) ሲባል ይጸናል ይላሉ። ስለዚህ ዛሬ ያለነው በዶሩራው ላይ ነን። በዶሩራ ላይ ቆሞ መስፈርት አንጨምርም ማለት ይከብዳል።

ጠበቃ፦
እንግዲህ ወደ እኔ ነገር መጣህ።

ከተማሪ ቤት የወጣ፦
አልመጣሁም። የኬንያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 170 ተመልከት፤ ቃዲ የሚሾመው የዳኝነት ኮሚሽኑ የእስልምና ሕግ ዕውቀቱ ይበቃል ካለ ነው፣ ዲግሪ ብሎ አልገደበም። ግብፅ ደግሞ በ1907 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ የሸሪዓ ዳኞችን የሚያሠለጥን ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር፤ ፊቅሁን ከሥነ ሥርዓቱ ጋር አዋህዶ። ሁለቱም «ሂድና መደበኛ ሕግ ተመረቅ» አላሉም። ዲግሪ አስገዳጅ ቢሆን ሐቂቃውን የሚያውቁት ሸኾች ከበር ይመለሳሉ፤ የሚገባው ኪታብ ያልነካ ተመራቂ ነው።

የሚሻለው ፈተና ነው። ሦስት ወረቀት ይበቃል። አንዱ ፈራኢድ፤ የመጀመሪያው ውርስ ሳይከፈል ወራሹ የሞተበት ሙናሰኻ የግድ ይኑርበት፣ እኛ አገር የቤት ውርስ ለዓመታት ስለሚንጠለጠል የሚመጣው ጉዳይ አብዛኛው እሱ ነው። ሁለተኛው ኒካህና ጦላቅ፣ ተፈታኙ መዝሀቡን ጠቅሶ የሚመልሰው። ሦስተኛው አንድ ሙሉ መዝገብ ተሰጥቶት ፈቃዱን አጣርቶ፣ ጭብጥ ይዞ ውሳኔ ይጻፍ። ሦስተኛውን ከወደቀ የስድስት ወር የሥነ ሥርዓት ሥልጠና ይውሰድና ይመለስ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከወደቀ ግን ሥልጠና አይጠግነውም፣ ወደ ሸኹ ይመለስ።

የችሎት ጸሐፊ፦
ሦስተኛው ወረቀት ላይ እስማማለሁ። ግን ጊዜ ተሰጥቶት ብቻውን አይጻፍ፤ ተከራካሪ እየጮኸ ይጻፍ። እዚያ ነው ቀኑ የሚረሳው።

የፊቅህ መምህር፦
አራሚው ማነው? ፈራኢዱንና ጦላቁን የዳኞች አስተዳደር አያርም፤ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤቱ ያርም ካልን፣ ለሹመት የሚያቀርበውም እሱ ነው። ራሱ ያቀረበውን ራሱ ሊጥል ነው?

ጠበቃ፦
ወረቀቱ ስም ሳይኖረው በቁጥር ይታረም። ሻፊዒዩን የሻፊዒይ ሸኽ፣ ሐነፊዩን የሐነፊይ።

አንዲት ተሳታፊ፦
ከወጣም በኋላ ውጤቱ ይለጠፍ፤ ከነመዝሀቡ።