ኤስፖዚቶ የሚለው ስም ትርጉሙ ምንድነው? እባካችሁ እርዱኝ

ነፍሰጡሯ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ የምኖረው ጣሊያን ናፖሊ ነው፣ ባሌ የዚሁ ሰው ነው፣ የቤተሰቡ ስም ኤስፖዚቶ ይባላል። በሚቀጥለው ወር እወልዳለሁ። ትናንት ጎረቤቴ "ትርጉሙ እኮ የተጣለ ልጅ ማለት ነው" አለችኝና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም። እውነት ነው? ባሌን ልጠይቀው ፈራሁ። የኔን ስምስ ማስገባት ይቻላል?

የሮማው፦
አይዞሽ እህቴ። ኤክስፖዚቱስ ከሚል የላቲን ቃል ነው የመጣው፣ ውጭ የተቀመጠ ማለት ነው፣ ጎረቤትሽ ግን ግማሹን ነው የነገረችሽ። እዛው ናፖሊ አኑንዚያታ የሚባል ድሮ የህፃናት ማሳደጊያ የነበረ ቦታ አለ፣ ግድግዳው ላይ ሩዎታ የሚሉት የሚሽከረከር የእንጨት ሳጥን ነበረው፣ እናትየው ከውጭ ህፃኑን አስተኝታ ታዞረዋለች፣ ውስጥ ያሉት ይቀበሉታል፣ ማን እንዳመጣው አይታይም። ድሀ የሆኑ፣ ሳያገቡ የወለዱ፣ ብዙ አይነት ናቸው። እንዲሞት የፈለገች እናት እዛ ድረስ አታመጣውም፣ እንዲኖርላት ብላ ነው። ሰዉም የማዶና (የእመቤታችን) ልጆች ነበር የሚላቸው። ሩዎታው እ.ኤ.አ. በ1875 ተዘጋ።

ከሚላኖ፦
ልጨምርበት፣ እንዲህ ላሉ ልጆች ይሰጥ የነበረው የቤተሰብ ስም እንደ ከተማው ይለያያል፣ ናፖሊ ኤስፖዚቶ፣ ፍሎረንስ ኢኖቼንቲ ነው፣ ሮማ ፕሮዬቲ፣ እኛ ጋ ኮሎምቦ (እርግብ) ይሏቸው ነበር፣ ህፃናቱን የሚቀበለው የትልቁ ሆስፒታል ምልክት እርግብ ስለነበረች። ሙራት የሚባለው ንጉስ የናፖሊን ከተማ ሲገዛ (እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1815) ልጆቹን ያሸማቅቃል ተብሎ ለአዲስ ህፃን ኤስፖዚቶ የሚል ስም እንዳይሰጥ ተከልክሏል፣ ስለዚህ የባልሽ ቤተሰብ ስሙን ከአባት ለልጅ ሲያወርደው 200 አመት ሳያልፈው አይቀርም። ናፖሊ ውስጥ ደግሞ እጅግ የበዛ ስም ነው፣ ልጅሽ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን አይሆንም።

ሁለት ልጆች ያሉኝ፦
ስለ ስምሽ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 የህገ መንግስት ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ልጅ የሁለቱንም ወላጆች ኮኞሜ (የቤተሰብ ስም) ይይዛል፣ አንዱ ብቻ የሚሆነው ሁለታችሁ ስትስማሙ ነው። ቅደም ተከተሉንም ተነጋገሩበት። ልደቱን ሆስፒታል ካስመዘገባችሁ 3 ቀን ነው ያላችሁ፣ ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ከሆነ 10። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ፓስፖርትሽ ላይ ኮኞሜ ተብሎ የገባው የአባትሽ ነው የአያትሽ? ልጁ ላይ የሚወርደው እሱ ነውና ከመውለድሽ በፊት እዪው።

ነፍሰጡሯ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ማታ ጠየቅኩት፣ ያውቃል፣ ልጅ እያለ እናቱ አኑንዚያታ ወስዳ ቦታውን አሳይታዋለች። ሁለቱንም ስም እንስጠው ብሏል፣ የአባቴ ነው የገባው ተመስገን። ቅዳሜ አብረን ልናየው እንሄዳለን።