ግሪን ካርድ ያላቸውን ወላጆች በፍራንክፈርት በኩል ስለማምጣት

እናታቸውን ከአዲስ አበባ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ዴንቨር ለማምጣት ያሰቡት እህታችን፣ ግሪን ካርድ ላላቸው እናት የጀርመን ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ላቀረቡት ጥያቄ ብዙዎቻችሁ አያስፈልግም ብላችሁ መልሳችኋል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን የሚሠራው ጉዞው እንደታቀደው ሲሄድ ብቻ በመሆኑ፣ ባለፈው ታኅሣሥ በ71 ዓመት እናቴ ላይ የደረሰውን ሳልጽፍ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ስለ ሕጉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ደንብ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ በሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የፓስፖርት ቁጥጥር ባነሡት የአውሮፓ አገሮች) አየር ማረፊያ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ በዚሁ ዝርዝር ኤርትራንና ሶማሊያን ጨምሮ 12 አገሮች ይገኛሉ። ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። ሆኖም ነጻነቱ ከትራንዚቱ ክልል ሳይወጡ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ለመሸጋገር ብቻ ነው። የፓስፖርት መቆጣጠሪያውን አልፎ ለመውጣት፣ ለአንድ ሌሊት ሆቴል ለማደርም ቢሆን፣ ራሱን የቻለ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ልዩነት ያወቅሁት እናቴ እዚያ ቆማ ስትቀር ነው።

አውሮፕላኗ በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት ከአዲስ አበባ የተነሣው አምስት ሰዓት ዘግይቶ ነበር። ፍራንክፈርት ስትደርስ የዴንቨሩ በረራ ከሄደ አርባ ደቂቃ አልፎታል። አየር መንገዱ ወዲያው ሌላ ትኬት አወጣላት፤ መስመሩ ግን በሙኒክ በኩል ነበር። ከፍራንክፈርት ወደ ሙኒክ መብረር የአገር ውስጥ ጉዞ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ጀርመን መግባት ግድ ይላል። ዊልቸሯን የሚገፋው ልጅ እስከ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው መስኮት ድረስ ወሰዳት፤ ፖሊሱም ፓስፖርቷንና ግሪን ካርዷን አገላብጦ አይቶ መለሳት። ለምን እንደተመለሰች በምታውቀው ቋንቋ የሚያስረዳት አንድም ሰው አልነበረም። ደውላ «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ያለችኝ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በልዩ ሁኔታ ድንበር ላይ ቪዛ ሊሰጥ እንደሚችል ደንቡ ይፈቅዳል፤ ውሳኔው ግን የድንበር ፖሊሱ ነው፣ ለእናቴም አልተሰጣትም።

የአዳር ኩፖን ሰጥተዋት ነበር፤ ሆቴሉ ግን ከመቆጣጠሪያው ውጭ ስለሆነ ኩፖኑ በእጇ ቀረ። ውስጥ ያሉት ጥቂት ክፍሎች ተይዘዋል ተባለች። ፍራንክፈርት ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ የማይፈቀድበት አየር ማረፊያ በመሆኑ፣ ሌሊቱን አዳራሹ ጭር ይላል። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወንበር ላይ አደረች። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለነበር በምግብ ኩፖኑ ልትወስድ የምትችለው ሙዝና ባዶ ዳቦ ብቻ ሆነ፤ የቀረውን የሸፈነላት እህቴ ቦሌ ላይ በፌስታል ቋጥራ የሰጠቻት ቆሎ ነው። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ የደም ግፊት መድኃኒቷ ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ አድርጋ አስረክባው ስለነበር የዚያን ዕለት ሳትውጥ ቀረች። እባካችሁ፣ የወላጆቻችሁ መድኃኒት ቢያንስ የሦስት ቀን ያህሉ ከነሐኪም ወረቀቱ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን።

የሰዓቱንም ጉዳይ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በማግስቱ የቀጥታ በረራ ሲገኝላት የመሳፈሪያ ወረቀቷ ላይ የተጻፈው 13:10 ነበር። የእጅ ሰዓቷ የተሞላው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። በአውሮፓ ክረምት ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚሆን፣ 13:10 ማለት በእሷ ሰዓት 9:10 ማለት ነው። እኔም በስልክ «እማዬ፣ ሰዓትሽ ስምንት ሲል በሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ ሽንት ቤትም ቢሆን ከዚያ በፊት ደርሰሽ ተመለሺ» አልኳት። ሰዓቷን እንድትቀይር ብነግራት ኖሮ የበለጠ ግራ ትጋባ ነበር። ፍራንክፈርት ከደረሰች ከ26 ሰዓት በኋላ ተሳፈረች።

ሻንጣዎቿ የመጡት ከአራት ቀን በኋላ ነው። መዘግየቱን እዚያው ዴንቨር ኤርፖርት ሳንወጣ ስላስመዘገብን፣ ለመግዛት የተገደድነው የክረምት ልብስ ዋጋ ደረሰኝ አቅርበን ተከፈለን። ስለ በረራው መዘግየት ደግሞ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት 600 ዩሮ ጠይቀን ከብዙ ደብዳቤ መጻጻፍ በኋላ አግኝተናል። ከአዲስ አበባ ያበረራት አየር መንገድ የአውሮፓ ኅብረት ነበር፤ ነገር ግን እናንተም ታገኛላችሁ ማለት አይደለም፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 እንደወሰነው፣ ከኅብረቱ ውጭ ተነሥቶ ከኅብረቱ ውጭ የሚያበቃ፣ በአንድ ትኬት የተቆረጠ ጉዞ በኅብረቱ አገር አውሮፕላን ቢቀየርበትም በደንቡ አይሸፈንም። ከኅብረቱ ውጭ ተነሥቶ ወደ ኅብረቱ በሚገባ በረራ ላይም፣ በረራውን የሚያካሂደው የሌላ አገር አየር መንገድ ከሆነ ደንቡ አይሠራም። ትኬቱ ላይ ከሰፈረው የበረራ ቁጥር ይልቅ በረራውን በተግባር የሚያካሂደው ማን እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል። በተረፈ በርካሽ ዋጋ ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን መቀጠል፣ አንደኛው ሲዘገይ ሁለተኛው ተቃጥሎ እንዲቀር የሚያደርግ ስለሆነ፣ ቋንቋ ለማይችል ወላጅ ፈጽሞ አልመክረውም።

እህቴ፣ እንደ እኔ አስተሳሰብ ዋጋው በጥቂቱ ቢጨምርም፣ እናትዎ አውሮፕላን የሚቀይሩት አሜሪካ ከገቡ በኋላ ቢሆን ይሻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን፣ ቺካጎና አትላንታ ይበርራል። መንገድ ላይ ለነዳጅ ቢያርፍም መንገደኛው አውሮፕላን አይቀይርም። መግቢያው ኤርፖርት ላይ ሻንጣቸውን ተቀብለው ጉምሩክ ካለፉ በኋላ መልሰው ማስረከብ ስላለባቸው የሚያግዛቸው ሰው አስቀድሞ ማስመዝገብ ይገባል። ይሁንና ቀጣዩ በረራ ቢያመልጣቸው፣ ያሉት መግባት በተፈቀደላቸው አገር ነው፤ ዋሽንግተን ከሆነ ደግሞ መጥቶ ወስዶ የሚያሳድራቸው ዘመድ ወይም የአገር ልጅ አይጠፋም።

በአውሮፓ በኩል መሄዱ ግድ ከሆነ፣ አውሮፕላን የሚቀየረው በአንድ የሸንገን ኤርፖርት ብቻ መሆኑን፣ በመካከሉም ቢያንስ አራት ሰዓት መኖሩን ያረጋግጡ። ለእናቴ የመልስ ጉዞ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼላት ነበር፤ የሸንገን ቪዛ እንደሌላት፣ በሌላ የሸንገን ከተማ በኩል ትኬት እንዳይቀየርላት፣ የደም ግፊት ሕመምተኛ መሆኗንና የስልክ ቁጥሬን ይዟል። ከፓስፖርቷ ጋር በአንገቷ አንጠልጥላው ሄደች። ጽሑፉን ከፈለጉት ስሙንና ስልኩን ቀይረው እንዲጠቀሙበት ዛሬ ማታ እልክልዎታለሁ።