የቲቢ መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ሽንቷ ቀላ፣ ታቁም ወይ?

የኮተቤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ የሳንባ ቲቢ ተገኝቶባት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ከጀመረች ወር አልሞላትም። ጠዋት በባዶ ሆዷ ትውጥና እስከ ምሳ ያቅለሸልሻታል፣ ምግብ ማየት አትፈልግም። ሽንቷ ሚሪንዳ መስሏል። ጎረቤት ደግሞ «ጉበት ነው የሚጨርሰው» ብሎ አስፈራራትና አልውጥም ብላ እምቢ አለች። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ነርስ ነኝ፦
የሽንቱ ቀለም አያስጨንቅሽ። ሪፋምፒሲን የሚባለው ነው፣ ላብና እንባም ያቀላል፣ ጉዳት የለውም። ለማቅለሽለሹ የቲቢ ክፍሉን ባለሙያ ጠይቂ፤ ቀለል ያለ ነገር ቀምሳ ወይም ማታ ልትተኛ ስትል እንድትውጥ ሊፈቅዱላት ይችላሉ። የጉበቱ ወሬ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ከደረሰ ግን ቀልድ የለውም። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ካለ፣ ሽንቷ ወደ ጥቁር ከሄደ፣ ትውከት አልቆም ካላት ወይም በቀኝ በኩል ከጎድኗ ሥር ካመማት የቀጠሮ ቀን አትጠብቁ። የዚያን ቀኑን ኪኒን ሳትውጥ ወዲያው ውሰጃት። ጉበቷ ተመርምሮ ሲያገግም መድኃኒቱን አንድ በአንድ ይመልሱላታል። አረቄም ጠላም ይቅርባት፣ ለሳል ተብሎ የሚቀመም የባህል መድኃኒትም እንደዚሁ።

ጨርሼ የዳንኩ፦
እኔን ያስቸገረኝ እግሬ ነበር። ማታ ማታ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል። ከአይሶናያዚድ ነው ብለው ቫይታሚን ቢ6 ሰጡኝ፣ ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ከሁለት ወር በኋላ ከአራቱ መድኃኒት ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፣ ያኔ ሆዴም ቀለለኝ። ስድስቱን ወር ጨርሺ በያት በናትሽ። ሰፈራችን ሳሉ ሲተወው ያቆመ ልጅ ነበር፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት ተመለሰ፣ የዚያኛው ሕክምና ከዚህ በጣም ይከብዳል።

ማርታ፦
ስለ ዓይን ማንም አላነሳም! ከአራቱ መድኃኒት አንዱ፣ ኢታምቡቶል፣ እይታ ሊያደበዝዝ፣ ቀይና አረንጓዴን ሊያምታታ ይችላል። የስልኳ ጽሑፍ ከደበዘዘባት ዛሬ ነገ ሳትል ትናገር። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስድ ከሆነም ሪፋምፒሲን ኃይሉን ይቀንሰዋል፣ ሌላ ዘዴ ትጠይቅ። ለኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ እስካሁን ያናድደኛል።

የኮተቤዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዓይኗን ደጅ አውጥቼ በብርሃን አየሁት፣ ነጭ ነው። ነገ ጠዋት አብሬያት እሄዳለሁ። ግን ትናንትና ዛሬ አልዋጠችም፣ የዘለለችውን ትደርበው?

ነርስ ነኝ፦
በፍጹም አትደርብ። የዘለለችውን ሳትደብቅ ለባለሙያው ትንገር፣ እነሱ ያስተካክሉላታል።