የዩሮፓን ካርታ እየሰራሁ አንድ ድንበር አላምን አለኝ

የማራኪው
ሰላም ናችሁ ወገን፣ ጎንደር ነኝ ጂኦሎጂ ሶስተኛ አመት። የጁፒተርን ጨረቃ ዩሮፓን ለፕሮጀክት ይዤ ከጋሊልዮ መንኮራኩር ፎቶዎች ላይ ካርታ እየሰራሁ ነው፣ ሞዛይኩን (የተገጣጠሙትን ፎቶዎች) ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ከፍቼ ሁለት ቀን ሙሉ ስሰምር ዋልኩ። አንድ ቦታ ላይ ግራው በኩል ሪጅ በሪጅ (ረጃጅም የጉብታ መስመሮች) ነው፣ ቀኙ ደግሞ ልሙጥ ሜዳ፣ መሀላቸው ያለው ድንበር በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ሁለት ዩኒት (የተለያየ የገፅ አይነት) ብዬ ቀለም ቀባሁት ግን ልቤ አላመነም። ሰሜን ተራራ ፊልድ ስንወጣ እኮ ባዛልቱን በመዶሻ ሰብረን ነው የምናየው፣ እዚህ ምኑን ልስበር?

ድንጋይ ለቃሚ
ማስመሪያ የመሰለ ድንበር ካየህ መጀመሪያ የፎቶ መጋጠሚያ ነው ብለህ ጠርጥር ወንድሜ። ጋሊልዮ ትልቁ አንቴናው አልከፈት ብሎት በትንሿ እየተንጠባጠበ ነው ዳታ የላከው፣ ስለዚህ ጥራት ያለው ፎቶ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሪጆቹ ስፋታቸው ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር እስከ 2 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፒክስሉ ከዛ ከሰፋ ይጠፋሉ፣ አንተ ሜዳ ትላቸዋለህ።

እቴጌ
የፀሀይዋንም አንግል እይ! የፋሲልን ግንብ በ6 ሰዓት ብታየው ግድግዳው ዝርግ ነው፣ በ11 ሰዓት ጥላው ሲወድቅ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ብቅ ይላል። ዩሮፓም ላይ ፀሀይ ዝቅ ስትል ነው ከፍታና ዝቅታው የሚታየው፣ አናት ላይ ስትሆን የቀለም ልዩነት ብቻ ነው የምታገኘው

የማራኪው
ኧረ በስማም፣ አሁን አየሁት! ግራው በፒክስል 230 ሜትር፣ ቀኙ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ 😩 እሺ እድሜውንስ በምን ልደርድረው፣ ክሬተር (ከሰማይ የወደቀ አለት የቆፈረው ጉድጓድ፣ ሲበዛ ገፁ ያረጀ ነው) ልቁጠር?

ድንጋይ ለቃሚ
ምን ክሬተር አለና ትቆጥራለህ፣ ገፁ እኮ በግምት ከ40 እስከ 90 ሚሊዮን አመት ነው፣ ለኛ ብዙ ይመስላል እንጂ ለጨረቃ ልጅ ነው። በክረምት አዘዞ መንገድ ላይ ጭቃው ላይ ያለውን የባጃጅ ጎማ አስብ፣ ሌላውን ቆርጦ ያለፈው የመጨረሻው ነው፣ ሪጅም እንደዛው። እዛው ዩሮፓ ላይ ያለውን ኮናማራ ኬዮስ የሚባለውን ቦታ ተለማመድበት፣ የበረዶ ቅርፊቱ ተሰባብሮ ስብርባሪው ቦታውን ለቆ ዞሯል፣ ስብርባሪዎቹ ጀርባ ላይ ግን የድሮ ሪጆች አሁንም አሉ፣ ስለዚህ ሪጆቹ ይቀድማሉ። ከዛ ደግሞ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለው ከፑዊል ክሬተር የተረጨ ነጭ ነገር ከሁሉም በላይ አርፎበታል፣ እሱ መጨረሻ ነው።

እቴጌ
ዩኒቱንም ያየኸውን ብለህ ሰይመው፣ "ልሙጥ" በል እንጂ "የፈሰሰ በረዶ" አትበል። ምን እንደሆነ ወደ ዩሮፓ እየሄደ ያለው መንኮራኩር ክሊፐር በ2030 እ.ኤ.አ. ደርሶ ይንገረን፣ የተነሳው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው

የማራኪው
አመሰግናለሁ በጣም 🙏 እንግዲህ ድንበሩን በተቆራረጠ መስመር ላድርገው?

ድንጋይ ለቃሚ
የተቆራረጠ መስመር ቦታው በደንብ ላልታወቀ ድንበር ነው፣ ያንተ ግን የካሜራ ድንበር ነው፣ አጥፋው። ሁለቱንም ወገን በአንድ ስኬል፣ በደካማው ፎቶ ልክ እንደገና ስመር።