ወንድሜ ሊምፎማ ተገኘበት፣ እኔ ደግሞ ወፍራም ነኝ፤ ለእኔም ያሰጋኛል?

ጥያቄ፦ የማርቆሷ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አንገቱ ላይ ንፍፊት የመሰለ እብጠት ወጣበት። አያመውም ነበር። መጀመሪያ የቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ጀመረ፣ ግን አልጎደለለትም። በኋላ ባሕር ዳር ሄዶ እብጠቱ ተቆርጦ ሲመረመር ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ-ሴል ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ተባለ። አሁን ኬሞ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እብጠቱ እየሟሸሸ ነው።

አሁን የጨነቀኝ የራሴ ነገር ነው። አባታችን እኛ ልጆች ሳለን ነው ያረፈው። "ንፍፊት ነው የገደለው" ይላሉ፤ በትክክል ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም። እኔ 38 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 92 ኪሎ። ሥራዬ የቢሮ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። አንድ ዘመዳችን "ይሄ ካንሰር ከውፍረት ነው የሚመጣው፣ ቀጥሎ አንቺ ነሽ" አለኝ። አክስቴ ደግሞ "ወንድምሽ እኮ ቀጭን ገበሬ ነው፣ ውፍረት ምን አገባው? የዘር ነው" ትላለች። ሁለቱም እንቅልፍ ነሱኝ።

በዘር ይተላለፋል? ውፍረቴስ ያመጣብኛል? የዘረመል ምርመራ ላድርግ? ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እነሱንስ ላስመርምር?

መልስ፦ ነርሷ (ፍኖተ ሰላም)

አይዞሽ እታለም። ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ስለ ዘሩና ስለ ኪሎው የሚያውቁት ይመልሱልሻል። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ራስሽ ላይ እብጠት አለ? አንገትሽን፣ ብብትሽን፣ ብሽሽትሽን ዳሰስ አድርጊ። ከሌለ ዛሬ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ካለና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይጎድል ከቆየ፣ ወይም ከአንገት አጥንትሽ በላይ ከሆነ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ታዪ። ሳያም ጠንከር ብሎ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ከሆነም እንደዚያው። የማያም እብጠት እየተናቀ ነው ሰው የሚዘገየው።

መልስ፦ የቡሬው

እህቴ፣ ንፍፊት ከሆነ ማስተኮስ ነው። እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያድኑን። ቅቤና ሥጋም ተዪ፣ ነጭ ሽንኩርት በዝንጅብል እየጠጣሽ ዘርሽን አጽጂ።

መልስ፦ ነርሷ (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ እንደጻፍክ አውቃለሁ። ግን እባክህ አትምከራት። የተተኮሰ እብጠት ቆዳው ይቆስላል፣ ይመረቅዛል። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ናሙና መውሰድም ያስቸግራል። እግር ላይ ቁስል ሲኖር ብሽሽት ላይ የሚወጣው ንፍፊት ቁስሉ ሲድን አብሮ ይጠፋል። የተተኮሰበት ሰው "መተኮሱ አዳነኝ" የሚለው ለዚህ ነው። ሊምፎማ ግን በመተኮስ አይጠፋም፣ ጊዜ ብቻ ነው የሚበላው።

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ዘመድሽም አክስትሽም ከእውነቱ ቁራጭ ይዘዋል። ሙሉውን ግን አልያዙም። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ስለ ዘር። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማ (የወንድምሽም ዓይነት ከዚህ ክፍል ነው) ከያዘው፣ የሰውየው ዕድል ከሌላው ሰው አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል። "እጥፍ" ሲባል ያስደነግጣል። ግን የምን እጥፍ? በአሜሪካ ስሌት በዕድሜ ዘመኑ ይህ በሽታ የሚይዘው ከ100 ሰው 2 ገደማ ነው። እጥፍ ሲሆን 4 ነው። 96ቱ አይያዙም። የእኛ አገር ቁጥር የራሱ ነው፣ መጠኑን እንድታዪው ብዬ ነው። አባትሽ የሞቱበት "ንፍፊት" ደግሞ ቲቢም ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር የአንገት እብጠት ሲመጣ ቲቢ በጣም የተለመደ ምክንያት ነው። እሳቸውን በእርግጠኝነት እዚህ መዝገብ ውስጥ አታስገቢያቸው።

የሚወረሰው ራሱ ካንሰሩ አይደለም። ከወላጅ የሚመጡት ጥቃቅን የጂን ልዩነቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው ዕድሉን በጥቂቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋሉ። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው አካባቢ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤችኤልኤ የሚባለው ነው። ሥራው የባዕድ ተሕዋስ ቁራጭ ይዞ ለመከላከያ ሕዋሳት ማሳየት ነው። ሊምፎማ የመከላከያ ሕዋሳት ካንሰር ነውና ግንኙነቱ የሚያስገርም አይደለም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ሰው የሚይዝ፣ በአንድ ጂን ጉዳት የሚመጣ ዓይነትም አለ። እሱ ግን ብርቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከልጅነት የመከላከያ አቅም ድክመት ጋር ነው የሚታየው።

የዘረመል ምርመራ አታድርጊ። ገንዘብሽን ያስወጣሻል እንጂ ውጤቱ "ይህን አድርጊ" የሚል ነገር አይነግርሽም። ጥናቶቹም በአብዛኛው የተሠሩት በአውሮፓ ዘር ሰዎች ላይ ስለሆነ ለእኛ ሰው በቀጥታ ማንበብ ይከብዳል። ልጆችሽንም ጤነኛ ከሆኑ በዚህ ምክንያት ማስመርመር አያስፈልግም። ከዚያ ይልቅ ኤችአይቪ ተመርምረሽ የማታውቂ ከሆነ እሱን ተመርመሪ። ኤችአይቪ የሊምፎማን ዕድል ከውፍረትም ከዘርም እጅግ አብልጦ የሚጨምር ነገር ነው፣ መድኃኒቱም አለ።

አሁን ውፍረት። 92 ኪሎን ለቁመትሽ ስናሰላው (ኪሎው ለቁመት ካሬ ሲካፈል፣ ቢኤምአይ የሚባለው) ወደ 35 ይመጣል። ከ30 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ማስረጃውን መዝኖ ነበር። ለ13 የካንሰር ዓይነቶች "ውፍረት ዕድሉን እንደሚጨምር ማስረጃው በቂ ነው" አለ። ትልቁ አንጀት፣ ኩላሊት፣ የማሕፀን ግድግዳ፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ የጡት ካንሰር፣ ከደም ካንሰሮች ደግሞ መልቲፕል ማየሎማ አሉበት። የወንድምሽ ዓይነት ሊምፎማ ግን "ማስረጃው ውስን ነው" ከተባሉት ጋር ነው የተመደበው። ጭማሪውም በአብዛኛው ጥናት እጥፍ አይሞላም። "ቀጥሎ አንቺ ነሽ" ላለሽ ሰው ይህን ንገሪው።

ውፍረት እንዴት ነው የሚነካው? ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ነገር አይደለም፣ ይሠራል። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ኢንተርሉኪን-6 እና ቲኤንኤፍ የሚባሉ፣ ሰውነትን ቀስ ብሎ ሁልጊዜ የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። ኢንሱሊንም ከፍ ይላል። እነዚህ ሁሉ ቢ-ሴሎችን (የወንድምሽ ካንሰር የሚነሳባቸውን የመከላከያ ሕዋሳት) "ተባዙ፣ አትሙቱ" የሚሉ መልእክቶች ናቸው። ቢ-ሴል ደግሞ ሥራው ሆኖ የራሱን ዘረመል እየቆረጠ እየቀጠለ ነው ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው። በተባዛ ቁጥር የመሳሳት ዕድሉም ይጨምራል። ዘርና ውፍረት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። የሌፕቲንና የቲኤንኤፍ ጂኖች ራሳቸው ከሰው ሰው ይለያያሉ። ክብደትም በከፊል የሚወረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ኤፍቲኦ የሚባል ጂን አለ። ከእናትም ከአባትም ክብደት የሚጨምረውን ዓይነት የወረሰ ሰው ምንም ካልወረሰው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይበልጣል። ከአንድ ገበታ በልታችሁ ወንድምሽ ቀጥኖ አንቺ ብትወፍሪ ስንፍና ነው የሚል ሰው አትስሚ።

መልስ፦ የዝሆኔ በሽተኞችን የምንከባከብ (ቢቸና)

ዶክተር የጻፉትን ሳነብ የእኛ ሥራ ትዝ አለኝ። ጎጃም ውስጥ የእግር ዝሆኔ ያለባቸው ብዙ ገበሬዎች አሉ። በሽታው የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረጅም ዓመት ከመሥራት ነው። ግን በአንድ መሬት ላይ ካረሱት አንዱን ይይዛል፣ አንዱን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ልዩነቱ በከፊል በዚያው በኤችኤልኤ አካባቢ እንዳለ አሳየ። ሆኖም ያ ጂን ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አይታመምም። ጂኑን አልለወጥነውም፣ አፈሩን ነው ያራቅነው።

ሊምፎማ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እንደ ጫማ ያለ አንድ መከላከያ የለውም። ግን "ዘር ነው" ሲባል እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ቤተሰቦችን በየቀኑ ስለማይ ነው የጻፍኩት።

መልስ፦ የዳንግላው

እኔ በዚሁ በሽታ ታክሜ ድኛለሁ። ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከኬሞው ጋር ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ይሰጡታል፣ በየዙሩ 5 ቀን። የምግብ ፍላጎት በጣም ይከፍታል፣ ፊትም ያብጣል። እኔ ወፍሬ ዘመዶቼ "ውፍረቱ ነው ያመጣበት" ማለት ጀምረው ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ውፍረቱ የመጣው ከመድኃኒቱ በኋላ ነው። ኪኒኑን "ያወፍራል" ብሎ እንዳያቋርጥ ንገሪው።

ጠበልም እሄድ ነበር። ቀጠሮዬን ግን አንድም አላለፍኩም። ሐኪሜን ጠይቄ፣ ነጭ የደም ሕዋሴ በሚወርድበት ሳምንት ሰው ከሚበዛበት ቦታ እርቅ ነበር።

የማርቆሷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዶክተር፣ አንድ ልጠይቅዎት። ዘንድሮ ሁዳዴን ስጾም ጥቂት ኪሎ ቀንሻለሁ። ሁሉም "እሰይ" አሉኝ። የወንድሜ ነገር ከመጣ ወዲህ ግን መቀነሱም ያስፈራኝ ጀመር። ደግሞስ ከፋሲካ በኋላ እንዴት ልያዘው?

መልስ፦ የውስጥ ደዌ ሐኪም (ባሕር ዳር)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ወፍራም ሰው ሲቀንስ ሁሉም እልል ስለሚል ምልክቱ የሚታለፍበት ጊዜ አለ።

ለምን እንደቀነስሽ ካወቅሽ አትፍሪ። ጾመሻል፣ በቀን አንድ ሁለቴ ነው የበላሽው፣ ቅቤና ሥጋ የለም፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሚያሳስበን ሳይሞክሩ መቀነስ ነው። በ6 ወር ውስጥ ከክብደትሽ ከአሥር አንዱ፣ በአንቺ 9 ኪሎ ገደማ፣ ሳታስቢው ከሄደ ታዪ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት እየመጣ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ልብስና አንሶላ እስኪቀየር የሚያልብሽ ከሆነም እንዲሁ። እነዚህ የቲቢም ምልክቶች ናቸው፣ ስለዚህ በሁለቱም በኩል መታየት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ስላለው፣ ከባድ ነገር አልልሽም። ከቢሮ ቤት ድረስ ባጃጁን ትተሽ በእግር ሂጂ። እንጀራውን ቀንሺ፣ ጎመንና ምስሩን ጨምሪ። ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀንሺ። ዘይት ላይ እጅሽ ይጠብቅ፤ የጾም ወጥም ዘይት ከበዛበት ያወፍራል። ከ92 ኪሎ 5 ወይም 6 ቢወርድ ለሊምፎማ ምን ያህል እንደሚቀንስ በቁጥር ልነግርሽ አልችልም። ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለጉልበትሽ ግን ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው። ስኳርሽንና ግፊትሽን በዚህ ወር ተለኪ። በ35 ደረጃ ላይ ላለ ሰው የሚቀድመው ስጋት እሱ ነው።

ልጆችሽን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በወጣትነት ዕድሜ የነበረ ውፍረት ከዚህ ሊምፎማ ጋር ያለው ግንኙነት በበርካታ ጥናቶች ጎልቶ ታይቷል። ምርመራ አያስፈልጋቸውም። ግቢ ወጥተው ይሩጡ፣ ኳስ ይጫወቱ።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ሰው (ሞጣ)

እኔ የምጨምረው ስለ ናሙና ነው። ለወደፊት ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ላይ የማይጠፋ እብጠት ቢወጣ፣ በቀጭን መርፌ ብቻ ተወስዶ "ደህና ነው" ቢባልና እብጠቱ ባይጎድል፣ እዚያ ላይ አትቁሙ። ሊምፎማን ለመለየት ዕጢው ተቆርጦ ሙሉው ሲታይ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሕዋሱ አደራደር ራሱ ነው ዓይነቱን የሚናገረው። የወንድምሽን የፓቶሎጂ ውጤት ኮፒ አድርጊና ቤት አስቀምጪ። አንቺም ልጆችሽም ለማንኛውም ነገር ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ "አጎታችን ይህ ነበረበት" ከማለት ወረቀቱን ማሳየት ይበልጣል። በአባትሽ ጊዜ የቀረው ይኼው ወረቀት ነው።

የማርቆሷ

እሺ። ኮፒውን ቅዳሜ ባሕር ዳር ለቀጠሮው ስንሄድ አወጣዋለሁ። ግፊቴንና ስኳሬንም እዚያው እለካለሁ፣ ኤችአይቪውንም ጭምር።