ሰመር ካምፕ ላይ ያሳለፍኩት ጊዜ ለሥራ ሕይወቴ ይጠቅመኛል ወይስ ትዝታ ብቻ ነው?

አዲስ ተመራቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። ሲቪዬን ስጽፍ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሰመር ካምፕ እሄድ ነበር። መጀመሪያ እንደማንኛውም ልጅ፣ ኋላ ደግሞ የልጆች መሪ ሆኜ። እናቷ ናፍቃት የምታለቅስ ልጅ አባብያለሁ። ዝናብ የውጭውን ፕሮግራም ሲያበላሽብን 30 ልጅ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቤ ሳጫውት ውያለሁ።

አባቴ «ይሄማ ጨዋታ ነው፣ ሲቪ ላይ አይጻፍም» ይላል። እኔ ግን ከክፍል ይልቅ እዚያ የተማርኩት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ችግሩ፣ «ምን ተማርሽ?» ስባል ምላሴ ይተሳሰራል። ካምፕ የሄዳችሁ ሰዎች፣ ዛሬ ሥራችሁ ላይ የሚታይ ነገር አለ? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፦

እህቴ፣ አባትሽን አክብሬ ነው የምለው፣ በዚህ አልስማማም። የኔን ልንገርሽ።

ካምፕ ላይ የተመደብኩት ልጆቹ የሚዋኙበት ሐይቅ ጋ ነበር። ዳር ላይ አንድ ሰሌዳ ተተክሏል። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈባት ትንሽ ክብ እንጨት አለችው፤ ባንድ በኩል ነጭ፣ በሌላው ቀይ። ውሃ ሲገባ ወደ ቀዩ ይገለብጣታል፣ ሲወጣ ይመልሳታል። ብቻውን የሚገባ የለም፣ ሁሉም ጥንድ አለው። በየመሀሉ ፊሽካ ይነፋል። ያኔ ጥንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ ያነሳሉ፣ እኛ እንቆጥራለን። ቁጥሩ ከሰሌዳው ጋር ካልገጠመ ሁሉም ይወጣል። ጨዋታው የፈለገውን ያህል ቢሞቅ ቀልድ የለም።

አንድ ከሰዓት ሁሉም ወጥቶ አንዲት እንጨት ቀይ ሆና ቀረች። የዋና ኃላፊዋ ድምጿን ሳታሰማ ግማሾቻችንን ወደ ውሃው፣ ግማሾቻችንን ወደ ቤቶቹ ላከችን። ልጁ ሽንት ቤት ተገኘ። እንጨቷን መመለስ ረስቶ ነው። ይዘነው ስንመጣ ትጮህበታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰሌዳው ፊት አቆመችውና «ገልብጣት» አለችው። ገለበጣት። ከዚያ ፊሽካዋን ነፍታ ሌሎቹን መልሳ አስገባች። ምክር የለ፣ ስብከት የለ።

ዛሬ ስክራብ ነርስ ነኝ፤ ቀዶ ሕክምና ላይ ለሐኪሙ (ለሰርጅኑ) መሣሪያ የማቀብል። ቀዶ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ጎዙን፣ መርፌውን፣ መሣሪያውን ከባልደረባዬ ጋር ጮክ ብለን እንቆጥራለን። የበሽተኛው ቁስል ከመሰፋቱ በፊት እንደገና። ካልገጠመ እንፈልጋለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት 19 ነጥቦች አሉት፤ ይህ ቆጠራ አንዱ ነው። ቼክሊስቱ በስምንት ከተሞች፣ በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠኑ ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል።

መቁጠሩ ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ሌላ ነው። ሰርጅኑ አንጋፋ ነው፣ ደክሞታል፣ ክሩን ይዞ ሊዘጋ ተዘጋጅቷል። አንቺ ደግሞ «ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ይጎድላል» ማለት አለብሽ። ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ድምፃቸው ሲጠፋ አይቻለሁ። እኔ ግን ገና በአፍላነቴ፣ ከኔ የሚበልጡትንም ጭምር በአንድ ፊሽካ ከውሃ አስወጥቼ አውቃለሁ። ያጉረመርሙ ነበር፣ ግን ይወጡ ነበር። ቁጥሩ ካልገጠመ ዕድሜ አይታይማ። ይህንን ነርሲንግ ትምህርት ቤት አላስተማረኝም።

ነገር አቀዝቃዥ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን ትንሽ ላቀዝቅዘው። አንደኛ፣ ካምፕ የሚሄደው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ ከፍሎ የሚልከው ልጅ። ያ ልጅ ካምፕ ባይሄድም መንገዱ የተጠረገለት ሊሆን ይችላል። ኋላ ሲሳካለት ምስጋናው ሁሉ ለካምፑ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ካምፕ ክፉም ያስተምራል። ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ቦታ 22 ወንዶች ልጆችን ካምፕ አስገባ። ጥናት ላይ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ለሁለት ከፈላቸው፣ ሽልማት ያለው ውድድር ውስጥ ከተታቸው። ወዲያው ተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፣ ማደሪያቸውን እየሰበሩ ገቡ። ሁሉም ደህና ቤተሰብ ያሳደጋቸው ልጆች ናቸው እኮ! የበረዱት ሁለቱንም ቡድን የሚነካ ችግር ሲመጣ ነው። የውሃ መስመሩ ሲቋረጥ አብረው ፈለጉ፣ «አልነሳ ያለ» መኪና በገመድ አብረው ጎተቱ። ሁለቱንም የደገሰው ያው አዘጋጁ ነው። ስለዚህ «ካምፕ ቀረጸኝ» ከማለታችሁ በፊት የትኛው ካምፕ፣ በማን እጅ የሚለውን ጠይቁ።

የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ፦

በክፍያው ነገር ሙሉ በሙሉ ልክ ነህ፤ እኔም በስኮላርሽፕ ባልገባ ኖሮ ሐይቁን አላየውም ነበር። የሁለተኛው ነጥብህ ግን የኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ያቺ ኃላፊ ዋና በቡድን ውድድር እንዲሆን አትፈቅድም ነበር። ለምን እንደሆነ ነግራን አታውቅም። አሁን ሳስበው ሊሸነፍ የሚፈራ ልጅ ጥንዱን ጥሎ ነው የሚዋኘው።

ቀጣሪ ነኝ፦

ከጠረጴዛው በዚያኛው በኩል ሆኜ ላውራ፣ ሲቪ ሳነብ ነው የምውለው። «በካምፕ የመሪነት ክህሎት አዳብሬያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ዓይኔ ሳያርፍበት ያልፋል። ሁሉም ይጽፈዋላ። የልጆቹ ዕድሜ ስንት ነው? ለምንድን ነው ተጠያቂ የነበርሽው? ችግር ሲመጣ ማን ጋ ነው የምትደውይው? እነዚህን ብትጽፊ ቆሜ አነባለሁ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስደሽ ከሆነም አትደብቂው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ደግሞ አብረውሽ የሠሩትን ልጆች ስልክ አትጣይ። ዝነኛው አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ካምፕ ውስጥ ሲሠራ ነው ከአዶልፍ ግሪን ጋር የተዋወቀው። እ.ኤ.አ. በ1944 ብሮድዌይ (የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር) ላይ ለወጣ ሙዚቃዊ ቲያትር በርንስታይን ዜማውን፣ ግሪን ከቤቲ ኮምደን ጋር ግጥሙን ሠሩ። ሁሉም በርንስታይን አይሆንም፣ አውቃለሁ። ግን የሥራ ባልደረባን ጠባይ ካምፕ ላይ ያየሽውን ያህል ቢሮ ውስጥ አታዪውም።

አዲስ ተመራቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ከ8 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ 30 ልጆች የቀን ፕሮግራም መርቻለሁ። የአየር ሁኔታ ሲለወጥ የቤት ውስጥ ፕሮግራም በዚያው ሰዓት አዘጋጅቻለሁ። የመድኃኒት መስጫ ሰዓትና የአለርጂ ዝርዝር በኔ ኃላፊነት ነበር።» የመጨረሻዋን ልረሳት ነበር። ለአባቴ ሳነብለት «መድኃኒት ለአንቺ ነው የሰጡሽ?» ብሎ ደነገጠ።

ቀጣሪ ነኝ፦

መድኃኒቱን መጀመሪያ ላይ አድርጊው። 30 ልጅ ሲባል ደግሞ መሪዎቹ ስንት ነበራችሁ? ብቻሽን ካልነበርሽ እሱንም ጻፊው፣ ኢንተርቪው ላይ መጠየቅሽ አይቀርም።